ፍርድ ቤት ባርነትን ሲደግፍ፦ የድሬድ ስኮት ውሳኔና የተቃዋሚዎቹ መንገድ

መግቢያ

ሮሜ 13፥1-7ን የሚያስተምር መጋቢ ሁሉ ይዋል ይደር እንጂ አንድ ጥያቄ ይቀርብለታል፦ ባለ ሥልጣን የእግዚአብሔር አገልጋይ ከሆነ፣ ያው ባለ ሥልጣን በሕግ ስም ግፍ ሲፈርድ አማኝ ምን ማድረግ አለበት? ብዙውን ጊዜ የሐዋርያት ሥራ 5፥29ን ጠቅሰን ከሰው ይልቅ ለእግዚአብሔር መታዘዝ ይገባል ብለን እንመልሳለን። መልሱ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ጥያቄውን አይጨርሰውም። ሐዋርያቱ የተከለከሉት ወንጌልን መስበክ ስለ ነበር ምን ማድረግ እንዳለባቸው ግልጽ ነበር። ጉዳዩ የእኛ ስብከት ሳይሆን የባልንጀራችን ሕይወት ሲሆንስ? ትእዛዙም ከአንድ አምባገነን አፍ ሳይሆን በሕግ ከተቋቋመ ፍርድ ቤት ሲወጣስ? እኛም ድምፅ የምንሰጥና ሕግ የምናወጣ ዜጎች ስንሆንስ? በዚህ ጊዜ «መታዘዝ» እና «አለመታዘዝ» የሚሉት ሁለት ቃላት ብቻ አይበቁንም።

በዩናይትድ ስቴትስ በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ክርስቲያኖች ከዚህ ጥያቄ ጋር ፊት ለፊት ተጋጥመዋል። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በተደጋጋሚ ለባርነት ወገነ። ውሳኔዎቹን የተቃወሙት ፖለቲከኞች፣ ጠበቆች፣ ሰባኪዎችና ከባርነት ያመለጡ ሰዎች ግን እንዴት መቃወም እንደሚገባ እርስ በርሳቸው አልተስማሙም። ይህ ጽሑፍ ያንን ክርክር ያብራራል። ዋና ነጥቡም ይህ ነው፦ ከተቃዋሚዎቹ መካከል አርቀው ያዩት ሦስት ነገሮችን ለይተው ተመልክተዋል። የመጀመሪያው በተከራካሪዎች መካከል የተሰጠው ፍርድ ነው። ሁለተኛው ፍርዱ የተመሠረተበትና ለአገር ሁሉ መመሪያ ሊሆን የሚፈልገው ሐሳብ ነው። ሦስተኛው በእግዚአብሔር ፊት እውነትና ጽድቅ የሆነው ነገር ነው። አንድ ፍርድ ቤት በመጀመሪያው ላይ ሥልጣን ስላለው ብቻ በሦስተኛው ላይ ሥልጣን አያገኝም። (በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

1. አንድ ቤተሰብ በችሎት ፊት

ድሬድ ስኮት በቨርጂኒያ በባርነት የተወለደ ሰው ነው። በኋላ ዶክተር ጆን ኤመርሰን የተባለ የጦር ሠራዊት ሐኪም ገዛው። ሐኪሙ ለሥራ ሲዛወር ስኮትን አስከትሎ በመጀመሪያ ወደ ኢሊኖይ፣ ቀጥሎም ዛሬ ሚኒሶታ በሚባለው ክፍለ ግዛት ወደሚገኘው ፎርት ስኔሊንግ ሄደ። ኢሊኖይ ባርነት የተከለከለበት ክፍለ ግዛት ነበር። ፎርት ስኔሊንግ ያለበት አካባቢም ኮንግረስ በ1820 ባወጣው የሚዙሪ ስምምነት መሠረት ባርነት የማይፈቀድበት ነበር። ስኮት በዚያ ሃሪየት ሮቢንሰንን አገባ። ኤላይዛና ሊዚ የተባሉ ሁለት ሴቶች ልጆችም ወለዱ።

ቤተሰቡ ባርነት ወደሚፈቀድባት ወደ ሚዙሪ ከተመለሰና ኤመርሰን ከሞተ በኋላ፣ ድሬድና ሃሪየት በኤፕሪል 1846 በሴንት ሉዊስ ከተማ ክስ መሠረቱ። ጥያቄያቸው እንግዳ አልነበረም። የሚዙሪ ፍርድ ቤቶች በነጻ ምድር የኖረ ሰው ወደ ሚዙሪ ቢመለስም ነጻ ነው እያሉ ለብዙ ዓመታት ሲፈርዱ ቆይተዋል። በ1850ም የሕዝብ ዳኞች ለድሬድ ስኮት ፈረዱለት። ነገር ግን በ1852 የሚዙሪ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ጊዜው ተለውጧል በሚል ምክንያት የራሱን የቆየ አቋም ሻረና ቤተሰቡን ወደ ባርነት መለሰ። ሕጉ ሳይለወጥ ፍርዱ ተለወጠ። የተለወጠው በባርነት ጉዳይ የነበረው የፖለቲካ ትኩሳት ነበር።

ጉዳዩ ከዚያ ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት፣ በመጨረሻም ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደረሰ። ክሱ በተጀመረ በአሥራ አንደኛው ዓመት፣ ማርች 6 ቀን 1857፣ ውሳኔው ተነበበ።

2. ውሳኔው ምን አለ?

ሰባት ዳኞች ደገፉት፤ ሁለት ተቃወሙት። ዋና ዳኛው ሮጀር ቶኒ ያነበበው ሐተታ ሦስት ዋና ዋና ነጥቦች ነበሩት።

አንደኛ፣ በባርነት ከመጡ አፍሪካውያን የተወለዱ ሰዎች፣ ራሳቸው ነጻ ቢሆኑም እንኳ፣ የዩናይትድ ስቴትስ ዜጎች ሊሆኑ አይችሉም፤ ስለዚህ በዜግነት ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት መቅረብ አይችሉም። ቶኒ ለዚህ ያቀረበው ምክንያት፣ ሕገ መንግሥቱ በተጻፈበት ዘመን ጥቁሮች ነጩ ሰው ሊያከብርላቸው የሚገባ መብት እንደሌላቸው ተደርገው ይታዩ ነበር የሚል ነው።

ሁለተኛ፣ ገና ክፍለ ግዛት ባልሆኑት አዳዲስ ግዛቶች ውስጥ ኮንግረስ ባርነትን የመከልከል ሥልጣን የለውም፤ የ1820ው የሚዙሪ ስምምነትም ከመጀመሪያው ሕገ መንግሥቱን የሚጻረር ነበር።

ሦስተኛ፣ ባሪያ የጌታው ንብረት ነው። ሕገ መንግሥቱ ማንም ሰው ያለ ተገቢ የሕግ ሥርዓት ንብረቱን እንዳይነጠቅ ስለሚከላከል፣ ይህም «ንብረት» ጥበቃ ይገባዋል። የመብት ጥበቃ የሚሰጠው አንቀጽ ሰውን በባርነት ለመያዝ መከላከያ ሆነ ማለት ነው።

ከሁለቱ ተቃዋሚ ዳኞች አንዱ የማሳቹሴትሱ ቤንጃሚን ከርቲስ የቶኒን የታሪክ ማስረጃ አፈረሰ። አገሪቱ ስትመሠረት ቢያንስ በአምስት ክፍለ ግዛቶች ነጻ ጥቁሮች ድምፅ ይሰጡ እንደ ነበር አሳየ። ድምፅ ሰጥተው አገሪቱን ከመሠረቱት መካከል የነበሩትን እንዴት ባዕዳን ማለት ይቻላል? ሁለተኛው የኦሃዮው ጆን ማክሊን የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን አባል ነበር። በልዩነት ሐሳቡ ውስጥ ባሪያ ተራ ዕቃ አለመሆኑን፣ የፈጣሪው ማኅተም ያለበትና በእግዚአብሔርም በሰውም ሕግ የሚጠየቅ ፍጡር መሆኑን ጻፈ። ዘፍጥረት 1፥27 በዚያ ችሎት ተሟጋች አግኝቶ ነበር፤ ነገር ግን ተሸነፈ።

ውሳኔው ከመነበቡ ሁለት ቀን በፊት ሥልጣን የያዘው ፕሬዚዳንት ጄምስ ቡካነን በበዓለ ሲመቱ ንግግር፣ ፍርድ ቤቱ የሚለውን ሁሉም ዜጋ በደስታ እንዲቀበል ጠይቆ ነበር። ከንግግሩ በፊት ግን ከዳኞቹ ጋር ደብዳቤ ተጻጽፎ ውሳኔው ወዴት እንደሚያዘነብል ያውቅ ነበር። ዓላማው ሰላም ነበር፤ ለዓመታት ያወካቸው ክርክር በፍርድ ቤት ቃል እንዲዘጋ ፈለገ። ነቢዩ ኤርምያስ የሕዝቡን ቁስል አቅልለው ሰላም ሳይኖር ሰላም ነው ስላሉት ሰዎች የተናገረው (ኤር. 6፥14) ለሰባኪ ብቻ ሳይሆን ለዳኛና ለፕሬዚዳንትም የሚሠራ ነው።

የስኮት ቤተሰብ በዚያው ዓመት በሜይ ወር ነጻ ወጣ። የቀድሞ አሳዳሪው ልጅ ቤተሰቡን ተረክቦ ነጻ አወጣቸው። ድሬድ ስኮት ነጻነቱን የኖረው ከአንድ ዓመት ትንሽ ለበለጠ ጊዜ ነው፤ በሴፕቴምበር 1858 ሞተ። በስሙ የተሰጠው ውሳኔ ግን በባርነት በነበሩ ወደ 4 ሚሊዮን በሚጠጉ ሰዎችና በግማሽ ሚሊዮን ገደማ ነጻ ጥቁሮች ላይ ተጭኖ ቀረ።

3. ፍርድን ከመመሪያ መለየት፦ የሊንከን መልስ

የውሳኔው ደጋፊዎች የያዙት ጠንካራ ክርክር ስለ ሥርዓት ነበር። የኢሊኖዩ ሴናተር ስቲቨን ዳግላስ እንዳለው፣ የመጨረሻውን ፍርድ ቤት ውሳኔ የሚቃወም ሰው የሚመታው ሕጋዊውን መንግሥት በሙሉ ነው፤ ዳኛ ከተናቀ የቀረው የሕዝብ ሁከት ነው። ሮሜ 13ን የሚያከብር አማኝ ይህን ክርክር ቀላል አድርጎ ሊያየው አይገባም።

አብርሃም ሊንከን ጁን 26 ቀን 1857 በስፕሪንግፊልድ፣ በሚቀጥለውም ዓመት ከዳግላስ ጋር ባደረጋቸው ሰባት ክርክሮች መልስ ሰጠ። የመልሱ ፍሬ ነገር እንዲህ ሊጠቃለል ይችላል። ፍርድ ቤቱ ድሬድ ስኮት ባሪያ ነው ብሎ ከፈረደ፣ እኛ ተሰብስበን በጉልበት ነጻ አናወጣውም። ነገር ግን ውሳኔው ድምፅ ሰጪው እንዴት እንዲመርጥ፣ የኮንግረስ አባሉ ምን ዓይነት ሕግ እንዲያወጣ፣ ፕሬዚዳንቱም ምን እንዲያጸድቅ የሚያስር የፖለቲካ መመሪያ ነው ብለን አንቀበልም። ፍርድ ቤቱ የራሱን ውሳኔ ከዚህ በፊት ሽሯል፤ ይህንንም እንዲሽር በሕጋዊ መንገድ ሁሉ እንሠራለን።

ሊንከን አንድ ውሳኔ የጸና የአገር መመሪያ የሚሆነው መቼ ነው ለሚለው ጥያቄም መስፈርት አቅርቧል። ዳኞቹ በአንድ ድምፅ ወስነው ቢሆን፣ የፖለቲካ ወገንተኝነት ባይታይበት፣ ከቀደመው አሠራር ጋር ቢስማማ፣ በተሳሳተ የታሪክ መረጃ ላይ ባይመሠረት፣ ወይም በተደጋጋሚ ቀርቦ በተደጋጋሚ ቢጸና፣ መቃወሙ አስቸጋሪ በሆነ ነበር። የድሬድ ስኮት ውሳኔ ግን ከእነዚህ አንዱንም አያሟላም። የዳግላስን ፓርቲም በገዛ ታሪኩ ሞገተው። ፓርቲው የሚያከብረው ፕሬዚዳንት አንድሩ ጃክሰን በ1832 የብሔራዊውን ባንክ ሕግ አላጸድቅም ሲል፣ ፍርድ ቤቱ ባንኩን ሕጋዊ ነው ማለቱ አላገደውም ነበር።

ሊንከን ፍርድን አክብሮ ሐሳቡን መቃወም ይቻላል ማለቱ ነው። ዳኛው በቀረበለት ጉዳይ የመጨረሻውን ቃል ይናገራል፤ ሕዝብ ስለ ጽድቅ ማሰቡን እንዲያቆም ግን ማዘዝ አይችልም። ሮሜ 13 ራሱ ባለ ሥልጣንን የሚገልጸው በሥራው ነው፤ ለመልካም ነገር የቆመ፣ ክፉ አድራጊውን የሚቀጣ አገልጋይ ነው። አገልጋይ ደግሞ ጌታ አለው። ኢሳይያስ 10፥1-2 የግፍን ሕግ የሚያወጡትንና ድሃውን ፍርድ የሚነፍጉትን ወዮላችሁ የሚለው፣ ሥልጣን ስለሌላቸው ሳይሆን ሥልጣናቸውን ለማን እንደተቀበሉ ስለረሱ ነው።

4. ጽሑፉ ወይስ ትርጓሜው?

ከባርነት ተቃዋሚዎች መካከል የሊንከንን መንገድ እጅግ የዘገየ አድርገው ያዩት ነበሩ። ዊልያም ሎይድ ጋሪሰን ሕገ መንግሥቱ ራሱ ከባርነት ጋር የተደረገ ውል ነው ብሎ ያምን ነበር። ጁላይ 4 ቀን 1854 በማሳቹሴትስ በተደረገ ስብሰባ ላይ የሕገ መንግሥቱን ቅጂ በእሳት አቃጠለ። ለእርሱ የ1857ቱ ውሳኔ አዲስ ነገር አልነበረም፤ ዛፉ የተለመደ ፍሬውን አፈራ።

ከባርነት ያመለጠው ፍሬድሪክ ዳግላስ (ከሴናተሩ ጋር በስም ብቻ የሚገናኝ) መጀመሪያ ከጋሪሰን ጋር ነበር፤ በኋላ ግን አቋሙን ለወጠ። በሜይ 1857 በኒው ዮርክ ስለ ውሳኔው ሲናገር ተስፋው ከዚያን ጊዜ የበለጠ ብሩህ ሆኖ እንደማያውቅ ገለጸ። አንደኛው ምክንያቱ፣ ከጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በላይ ልዑል እግዚአብሔር አለ፤ ዳኛ ቶኒ ብዙ ማድረግ ቢችልም ክፉውን መልካም ማድረግ አይችልም የሚል ነው። ሁለተኛው ስለ ጽሑፍ ንባብ ነበር። ሕገ መንግሥቱ በመግቢያው ስለ ሕዝቡ ሲናገር ስለ ነጮች ብቻ አልተናገረም፤ ስለዚህ ስህተቱ በጽሑፉ ሳይሆን ወደ ጽሑፉ ጭፍን ጥላቻውን ባስገባው አንባቢ ነው አለ። ሦስተኛው፣ ባርነትን ለማጽናት የተደረገ ጥረት ሁሉ የሕዝቡን ሕሊና ይበልጥ ቀስቅሷል የሚል ነው።

ይህ ክርክር ለነገረ መለኮት ተማሪ እንግዳ አይሆንበትም። ክፉ ትርጓሜ የተጫነበትን ጽሑፍ እንጥለው ወይስ ከትርጓሜው እናስጥለው? የሚለው ጥያቄ በሥነ አፈታት ክፍል ውስጥ በየጊዜው ይነሣል። ፍሬድሪክ ዳግላስ የመረጠው ሁለተኛውን ነው። መጽሐፍ ቅዱስንም የያዘው በዚሁ መንገድ ነበር፤ የክርስቶስን ክርስትና ከባሪያ አሳዳሪዎቹ ሃይማኖት አጥብቆ ይለይ ነበር።

5. በሩን የሚያንኳኳው ሰው

እስካሁን ያየነው ተቃውሞ ጊዜ የሚሰጥ ነው፤ መምረጥ፣ መናገር፣ ዳኞች እስኪለወጡ መጠበቅ። ያመለጠ ሰው ሌሊት በርህን ሲያንኳኳና አሳዳጆቹ ከኋላው ሲደርሱስ? የሊንከን ልዩነት በዚህ ቦታ ይጠብባል። ምክንያቱም ሕጉ በዚህ ጊዜ የሚጠይቀው ዝም እንድንል ሳይሆን በገዛ እጃችን አሳልፈን እንድንሰጥ ነው። ሊንከን ራሱ ያመለጡትን ስለ መመለስ የሚናገረው የሕገ መንግሥቱ ድንጋጌ መከበር አለበት ይል ነበር። ሌሎች ግን በዚህ አልተስማሙም።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዚህ ጉዳይ ላይ አስቀድሞ በ1842 ወስኗል። ኤድዋርድ ፕሪግ የተባለ ሰውና ጓደኞቹ በፔንሲልቫኒያ የምትኖረውን ማርጋሬት ሞርጋንን ከነልጆችዋ ይዘው ወደ ሜሪላንድ ወስደዋት ነበር። ፔንሲልቫኒያ እንዲህ ያለውን አፈና የሚቀጣ ሕግ ነበራት፤ ፍርድ ቤቱ ግን ሕጉን ሻረውና ፕሪግን ነጻ ለቀቀ። ሆኖም በዚያው ውሳኔ ውስጥ አንድ ክፍተት ቀረ፦ ያመለጡትን የመመለሱ ሥራ የፌዴራል መንግሥት ስለሆነ፣ የክፍለ ግዛት ሹማምንት እንዲተባበሩ አይገደዱም የሚል።

ተቃዋሚዎቹ በዚህ ክፍተት ገቡ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ጆርጅ ላቲመር የተባለ ከቨርጂኒያ ያመለጠ ሰው በቦስተን ሲታሰር የማሳቹሴትስ ሕዝብ ተነሣ፤ ከ60 ሺህ በላይ ሰዎች የፈረሙበት አቤቱታ ለክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ቀረበ። በ1843 የወጣው ሕግ የማሳቹሴትስ ዳኞችና ፖሊሶች ያመለጡ ሰዎችን በመያዝ እንዳይተባበሩ፣ እስር ቤቶቹም ለዚህ ዓላማ እንዳይውሉ ከለከለ። ሌሎች ክፍለ ግዛቶችም ተመሳሳይ ሕጎችን አወጡ። ተቃዋሚዎቹ ውሳኔውን ሳይጥሱ ከግፉ እጃቸውን አወጡ።

ኮንግረስ በ1850 ባወጣው አዲስ ሕግ መልሱን ሰጠ። በዚህ ሕግ መሠረት የተያዘው ሰው በሕዝብ ዳኞች ፊት አይቀርብም፤ ስለ ራሱም ምስክርነት መስጠት አይችልም። ጉዳዩን የሚያየው ሹም ሰውዬውን ወደ ባርነት ከመለሰ 10 ዶላር፣ ነጻ ከለቀቀ 5 ዶላር ይከፈለዋል። ያመለጠን ሰው የሸሸገ እስከ 1,000 ዶላር መቀጮና እስከ ስድስት ወር እስራት ይጠብቀዋል። ያመለጠን ሰው ማብላትና ማስጠለል ወንጀል ሆነ፤ ማቴዎስ 25፥35 በወንጀል ሕግ ተከለከለ ማለት ይቻላል።

በሴፕቴምበር 1858 ጆን ፕራይስ የተባለ ከኬንታኪ ያመለጠ ወጣት በኦሃዮ በኦበርሊን አካባቢ ተያዘ። በዚያን ጊዜ የኦበርሊን ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ታዋቂው የመነቃቃት ሰባኪ ቻርልስ ፊኒ ነበር። የከተማው ሰዎች፣ ጥቁሮችም ነጮችም፣ ወደ ዌሊንግተን ገሥግሠው ፕራይስን አስለቀቁት፤ እርሱም ወደ ካናዳ እንዲሻገር ተደረገ። ሠላሳ ሰባት ሰዎች ተከሰሱ። ከታሰሩት መካከል የኮሌጁ የሥነ ምግባር ፍልስፍና መምህር ሄንሪ ፔክና የሰንበት ትምህርት ቤት ኀላፊው ጄምስ ፊች ይገኙበት ነበር። ብዙዎቹ በዋስ መውጣትን እምቢ ብለው በ1859 ሦስት ወር ያህል በክሊቭላንድ እስር ቤት ተቀመጡ። ከተፈረደባቸው ሁለት ሰዎች አንዱ የሆነው ጥቁሩ ቻርልስ ላንግስተን በችሎቱ ፊት ቆሞ፣ በዚህ ሕግና በድሬድ ስኮት ውሳኔ መሠረት አገሩ ለእርሱ ምንም ጥበቃ እንደማትሰጠው፣ ወንድሙ ግን ነገም ቢያዝ ያንኑ እንደሚያደርግ ተናገረ። ዳኛው ንግግሩ ነክቶት ቅጣቱን ወደ 20 ቀን እስራትና 100 ዶላር ዝቅ አደረገለት።

የታሰሩት ሰዎች ወደ ኦሃዮ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይግባኝ ሲሉ፣ ፍርድ ቤቱ በ3 ለ2 ድምፅ የፌዴራሉን ሕግ አጸና። ወሳኙን ድምፅ የሰጠው ዋና ዳኛ ጆሴፍ ስዋን በግል ባርነትን ይጠላ ነበር። ያመለጠ ሰው ወደ እርሱ ቢመጣ በስሜት ተነሣስቶ ሊረዳው እንደሚችል፣ በዳኝነት ወንበር ሲቀመጥ ግን ሕጉን መሻር እንደማይችል ጻፈ። ፓርቲው በቀጣዩ ምርጫ ዕጩ አላደረገውም። ስዋን ግብዝ አልነበረም፤ በመሐላውና በሕሊናው መካከል የተያዘ ሰው ነበር። በጉባኤያችን ውስጥ ዳኞች፣ ፖሊሶችና የመንግሥት ሠራተኞች ያሉን መጋቢያን ስለ እንደዚህ ያለ ሰው ማሰብ አለብን። የዘፀአት 1 አዋላጆች የንጉሡን ቃል አልፈጸሙም፤ እግዚአብሔርም መልካም አደረገላቸው። አንድ አማኝ ትእዛዙን ከመፈጸም ይልቅ ወንበሩን መልቀቅ እንዳለበት የሚወስንበት ቀን ሊመጣ ይችላል፤ ቤተ ክርስቲያንም ለዚያ ቀን ልታዘጋጀውና ቤተሰቡን ልትደግፍ ይገባታል።

6. መጽሐፍ ቅዱስ በክርክሩ ውስጥ

ክርክሩ በፍርድ ቤት ብቻ አልቀረም። ሜቶዲስቶች በ1844፣ ባፕቲስቶች በ1845 በዚሁ ጉዳይ ሰሜንና ደቡብ ተብለው ተከፈሉ። ሁለቱም ወገኖች አንድ መጽሐፍ ቅዱስ ያነቡ ነበር።

የአንዶቨር ሴሚናሪ የመጽሐፍ ቅዱስ መምህር የነበረው ሙሴ ስቱዋርት ባርነትን አልወደደም፤ ነገር ግን የ1850ውን ስምምነት ለመደገፍ ብዕሩን አነሣ። ከጌታው ኰብልሎ የመጣን ባሪያ አሳልፎ መስጠትን የሚከለክለውን ዘዳግም 23፥15-16ን ከአረማውያን አገር ለሚሸሹት ብቻ የተሰጠ ነው አለ። ለዚህም ጳውሎስ አናሲሞስን ወደ ፊልሞና መመለሱን ጨምሮ አቀረበ።

ይህ ንባብ ከምንባቡ ይልቅ ከጊዜው ፖለቲካ ጋር ይስማማል። የዘዳግም ሕግ የሸሸው ሰው በመረጠው ስፍራ እንዲኖርና እንዳይጨቆን ያዝዛል፤ በጥንቱ ዓለም የሸሸን ባሪያ መመለስ የተለመደ በመሆኑ ትእዛዙ ይበልጥ ጎልቶ ይታያል። የፊልሞና መልእክትም ከ1850ው ሕግ ጋር የሚመሳሰል ነገር የለውም። አናሲሞስ በሰንሰለት ሳይሆን በሐዋርያው ደብዳቤ ታጅቦ ይሄዳል። ጳውሎስ ከእንግዲህ ወዲህ እንደ ባሪያ ሳይሆን እንደ ተወደደ ወንድም እንዲቀበለው፣ እንዲያውም እንደ ጳውሎስ ራሱ እንዲቀበለው ይለምናል፤ ዕዳ ካለበትም በራሱ ላይ እንዲቈጠር ይጠይቃል (ፊልሞና 12-18)። ስቱዋርት ቋንቋውን የሚያውቅ ሊቅ ነበር። የጎደለው የሰዋስው እውቀት ሳይሆን ራሱን በአናሲሞስ ቦታ አድርጎ ማንበብ ነበር።

ለእኛ ለኢትዮጵያ ወንጌላውያን ይህ ስም በመጽሐፍ ብቻ የምናውቀው አይደለም። ኦኔሲሞስ ነሲብ በልጅነታቸው ታፍነው የተሸጡ፣ በምፅዋ ነጻ የወጡና በስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን ዘንድ የተማሩ ናቸው። ሲጠመቁ የተቀበሉት ስም የዚያ የፊልሞና ሰው ስም ነው፤ በ1899 የታተመውን የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ከአስቴር ጋኖና ከሌሎች ረዳቶች ጋር ተርጕመው ሰጡን። ባርነት በእኛም ምድር ነበረ። ስለዚህ የአሜሪካንን ታሪክ የምናነበው በሌላው ኀጢአት ለመፍረድ ሳይሆን ራሳችንን ለማየት ነው።

7. ውሳኔው እንዴት ተሻረ?

ሊንከን በ1860 ተመረጠ። ማርች 4 ቀን 1861 መሐላ ያስፈጸመው ያው ዳኛ ቶኒ ነበር። አዲሱ ፕሬዚዳንት ቶኒ እየሰማ፣ የሕዝብን ሁሉ የሚነካ ፖሊሲ በሁለት ተከራካሪዎች ጉዳይ ለዘላለም የሚቈረጥ ከሆነ ሕዝቡ ራሱን ማስተዳደር አቁሟል ማለት ነው የሚል ሐሳብ አቀረበ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ደረጃ በደረጃ ነው። በጁን 1862 ኮንግረስ፣ ፍርድ ቤቱ አትችልም ያለውን አድርጎ፣ በአዳዲሶቹ ግዛቶች ሁሉ ባርነትን ከለከለ። በኖቬምበር ዋናው ዐቃቤ ሕግ ኤድዋርድ ቤትስ ነጻ ጥቁሮች ዜጎች እንደሆኑ የሕግ አስተያየት ሰጠ። በ1864 ያመለጡትን ስለ መመለስ የወጡት ሕጎች ተሻሩ። በዚያው ዓመት ቶኒ ሞተና ላመለጡ ሰዎች በመከራከር የታወቀው ሳልመን ቼዝ በወንበሩ ተተካ። ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1865 ጆን ሮክ በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፊት እንዲከራከር የተፈቀደለት የመጀመሪያው ጥቁር ጠበቃ ሆነ፤ ቶኒ ዜጋ አይደለም ባለው ሕዝብ ወገን የሆነ ሰው በዚያው አዳራሽ በጠበቃነት ቆመ። በ1865 መጨረሻ የጸደቀው 13ኛው ማሻሻያ ባርነትን አጠፋ፤ በ1868 የጸደቀው 14ኛው ማሻሻያ በአገሪቱ የተወለዱትን ሁሉ ዜጎች በማድረግ የ1857ቱን ውሳኔ ከሥሩ ነቀለ።

ነገር ግን ይህ ሁሉ በምርጫና በክርክር ብቻ አልመጣም። በመካከሉ ከ600 ሺህ በላይ ሰዎች የሞቱበት የእርስ በርስ ጦርነት አለ። ሊንከንም ቢሆን እንከን የለሽ አልነበረም፤ በሴፕቴምበር 1858 በቻርልስተን ክርክር ለጥቁሮች ሙሉ የፖለቲካና የማኅበራዊ እኩልነት እንደማይደግፍ ተናግሯል። ባርነትን መቃወምና ወንድምን እኩል አድርጎ መቀበል ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም።

8. ያው መሣሪያ በሌላ እጅ

ከዚህ ታሪክ በችኮላ የተሳሳተ ትምህርት እንዳንወስድ መጠንቀቅ ይገባል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1954 በትምህርት ቤቶች ጥቁሮችንና ነጮችን መለያየት ሕገ ወጥ ነው ሲል፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ 100 የሚሆኑ የደቡብ የኮንግረስ አባላት ውሳኔውን በሕጋዊ መንገድ ሁሉ ለማስለወጥ ቃል የገቡበትን መግለጫ ፈረሙ። በ1957 ደግሞ የአርካንሳስ ገዥ ዘጠኝ ጥቁር ተማሪዎች በሊትል ሮክ ወደ ትምህርት ቤት እንዳይገቡ ወታደር አቆመ። እነዚህም ሰዎች ፍርድ ቤቱ ተሳስቷል ይሉ ነበር፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ በእሑድ ቤተ ክርስቲያን ይቀመጡ ነበር።

ስለዚህ ፍርድ ቤትን መቃወም በራሱ ጽድቅ አይደለም። መለያው ምንድን ነው? ከላይ ካየነው አራት ጥያቄዎችን ማውጣት ይቻላል።

ሀ. ተቃውሞው የእግዚአብሔርን መልክ የተሸከመውን ሰው ከጥበቃ ውጭ ያስወጣል ወይስ ወደ ጥበቃ ያስገባል? ከርቲስና ማክሊን ክቡን አሰፉ፤ የሊትል ሮክ ገዥ አጠበበው።

ለ. ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው? የኦበርሊን ሰዎች ራሳቸው ታሰሩ። የሌላውን ልጅ ዋጋ የሚያስከፍል ተቃውሞ ግን ሊመረመር ይገባዋል።

ሐ. በግልጥ ይደረጋል ወይ? ላንግስተን ያደረገውን አልካደም፤ በዳኛው ፊት ቆሞ ምክንያቱን ተናገረ።

መ. የምንቃወመው ሐሳቡን ነው ወይስ ግፉን በእጃችን እንድንፈጽም ታዝዘናል? ለመጀመሪያው ትዕግሥትና ሕጋዊ ትግል ይበቃል፤ ሁለተኛው ግን ዛሬውኑ መልስ ይፈልጋል።

ማጠቃለያ

የድሬድ ስኮት ውሳኔ በነበረበት ዘመን ለቤተ ክርስቲያን የቀረቡላት ምርጫዎች ዝም ብሎ መታዘዝና ማመፅ ብቻ አልነበሩም። በመካከላቸው ሰፊ መስክ ነበር፦ የልዩነት ሐሳብ መጻፍ፣ አቤቱታ መፈረም፣ ሕግ ማውጣት፣ መምረጥ፣ ምንባቡን በትክክል ማስተማር፣ ያመለጠውን ማስጠለል፣ ስለዚያም መታሰር። ብዙ አማኞች በዚህ መስክ ሠርተዋል፤ ብዙዎችም ዝም ብለዋል፤ አንዳንድ መምህራን ደግሞ ለዝምታው ጥቅስ አዘጋጅተዋል።

የመጋቢ ሥራ ለፍርድ ቤት ፍርድ መስጠት አይደለም። ነገር ግን ሮሜ 13ን ከዘፍጥረት 1፥27ና ከዘዳግም 23፥15-16 ጋር አያይዞ ማስተማር የእርሱ ሥራ ነው። ሰዎች ከችሎት የወጣ ቃል ሁሉ እውነት ነው ብለው እንዳያምኑ፣ ያልወደዱት ፍርድ ሁሉም ግፍ ነው ብለው እንዳይጮኹ የሚማሩት ከእርሱ ነው። ላመለጠው ሰው በር የሚከፈተው ወይም የሚዘጋው፣ አሳዳጆቹ ከመድረሳቸው ከብዙ ጊዜ በፊት በዚያ ቤት ስለ ባልንጀራ በተማሩት ትምህርት ነው።